ብስክሌት ወደ ቱሉ ዲምቱ አናት፦ የዝግጅትና የጉዞ ማስታወሻ

ጥቅምት 4

ዕቅዱ ይኸው። በዚህ በጋ ብስክሌቴን ይዤ ባሌ እሄዳለሁ። ከጎባ ተነስቼ በሳኔቲ አምባ አልፌ ቱሉ ዲምቱ አናት ላይ እወጣለሁ። ከፍታው 4,377 ሜትር ነው።

ብስክሌት ተሸክሞ ከዚህ በላይ የወጣ ሰው ሞልቷል። ኒክ ክሬንና ሪቻርድ ክሬን የሚባሉ እንግሊዛውያን የአጎት ልጆች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ለማሰባሰብ ብለው ኪሊማንጃሮ አናት ላይ በብስክሌት ወጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ሃንስ ሬይና ዳኒ ማክአስኪል ከጀርመናዊው ገርሃርድ ቸርነር ጋር ሆነው የኬንያን ተራራና ኪሊማንጃሮን ተከታትለው ወጡ። ኪሊማንጃሮ 5,895 ሜትር ነው። ትልቅ ሥራ ነው፤ ግን ሽቅቡ ላይ ከመንዳት ይልቅ መግፋትና መሸከም ይበዛዋል።

ቱሉ ዲምቱ ሌላ ነው። አናቱ ላይ የቴሌ ማማ ቆሟል፣ ለማማው ሲባል ደግሞ መኪና የሚወጣበት የጠጠር መንገድ ተሠርቷል። ስለዚህ ጉልበትና ማርሽ ከፈቀዱ ከታች እስከ ጫፍ እየነዱ መድረስ ይቻላል። ከ4,000 ሜትር በላይ እንዲህ ያለ ዕድል የሚሰጥ ተራራ በብዙ አገር አይገኝም። እኛ ጋ አለ። ብዙ ብስክሌት ነጂ ግን አያውቀውም፤ ይህ ሁሌም ይቆጨኛል።

ብስክሌቷ ተራ ናት። ያገለገለች፣ የአሉሚኒየም፣ ጎማዋ 26 ኢንች። ከፊት ሦስት፣ ከኋላ ሰባት ማርሽ አላት። ለተራራ ውድ ብስክሌት ግድ ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። ግድ የሚለው ቀላል ማርሽና የማይከዳ ፍሬን ነው። ማስታወሻውን የምይዘውም ለዚህ ነው። እንዲህ ያለች ብስክሌት በረንዳው ላይ አቧራ የሚጠጣባት ሰው ብዙ ነው።

ጥቅምት 9

ዛሬ የማርሽ ጥርስ ቆጠራ ላይ ዋልኩ። የፊቶቹ 48፣ 38 እና 28 ናቸው። የኋላው ትልቁ 28፣ ትንሹ 14።

በጣም ቀላሉ ማርሽ እንግዲህ ከፊት 28፣ ከኋላም 28 ነው። ፔዳሉ አንድ ዙር ሲዞር ጎማውም አንድ ዙር ይዞራል፤ ብስክሌቷ 2.07 ሜትር ያህል ትሄዳለች። አስፋልት ላይ ምንም አይልም። ቁም ነገሩ ያለው ተራራ ላይ ነው። እግር በደቂቃ 60 ጊዜ ይዙር ብንል በሰዓት ወደ 7.5 ኪሎ ሜትር መሄድ ግዴታ ይሆናል። አየር በሳሳበት ዳገት ላይ ያን ፍጥነት ለሰዓታት የሚይዝ እግር የለኝም። ከዚያ በታች ስንሄድ እግር መዞሩን ትቶ መርገጥ ይጀምራል፣ ጉልበት ያማል፣ ትንፋሽ ያልቃል።

የምፈልገው ከፊት 22፣ ከኋላ 34 ነው። 22 ለ34 ሲካፈል 0.65 ገደማ ይመጣል። በአንድ ዙር 1.34 ሜትር ማለት ነው። በደቂቃ 60 ዙር ከሆነ በሰዓት 4.8 ኪሎ ሜትር። ፈጠን ብሎ የሚራመድ ሰው ፍጥነት ነው፤ ለኔ በቂ ነው። ሚዛን ሳይስት ቀጥ ብሎ ለመሄድም አያንስም።

ጥቅምት 18

መርካቶ ስዞር ዋልኩና ሁለቱንም አገኘሁ። ፔዳሎቹ የሚታሰሩበት የፊት ማርሽ ባለ 42፣ 32 እና 22 ጥርስ ነው። የኋላው ባለ ሰባት ሆኖ ከ14 እስከ 34 ይሄዳል። አደራደሩ ለየት ይላል፦ 14፣ 16፣ 18፣ 20፣ 22፣ 24 ይልና በአንዴ 34 ላይ ይዘላል። ከ24 ወደ 34 ያለው ዝላይ እግር ላይ በደንብ ይታወቃል። ለዳገት ግን ያቺ የመጨረሻዋ ናት የምታዋጣው።

አሮጌውን የኋላ ማርሽ ለመፍታት ሰፈራችን ወዳሉት ጋሼ ሄድኩ። ዕድሜያቸውን በብስክሌት ሥራ የጨረሱ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ዝጎ ተጣብቋል። በቁልፍ ብሞክረው ንቅንቅ አላለም» አልኳቸው።

«በቁልፍማ እጅህን ትልጣለህ እንጂ አይፈታም» አሉ። «ጎማውን ስጠኝ።»

መፍቻውን ወደ ላይ አድርገው ሞርሳ ውስጥ ጠፍረው አሰሩት። ከዚያ ጎማውን ከላይ አምጥተው የማርሹን ቀዳዳ መፍቻው ላይ ልክ ገጠሙት። ማርሹ ውስጥ ሁለት ጠብታ ዘይት አደረጉና ትንሽ ጠበቁ። ቀጥሎ ጎማውን በሁለት እጃቸው ግራና ቀኝ ይዘው እንደ መኪና መሪ ወደ ግራ አዞሩት። መጀመሪያ ምንም የለም። ደገሙት። «ቋ!» አለና ለቀቀ። ጎማው ራሱ ረጅም እጀታ ሆነላቸው። ሥር የተደበቀው ክር ቡናማ ዝገት ለብሷል። በሽቦ ብሩሽ ጠርገው፣ ግራሶ ቀብተው አዲሱን በእጅ ብቻ አሰሩት። የሚያጠብቀው እኔ ስነዳ ነው አሉኝ፤ እውነትም ፔዳል በተመታ ቁጥር ክሩ ይበልጥ ይጠብቃል።

«አሁን ግድግዳም ትወጣለህ» ብለው ሸኙኝ።

ጥቅምት 25

ማርሹን ማስማማት ከመግዛቱ ይበልጣል። የፊቱ ክብ ስላነሰ የፊት ማርሽ ቀያሪው ብረት ከፍ ብሎ ቀረ። ወደ ታች አውርጄ ከትልቁ ጥርስ በላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ሲቀረው አሰርኩት። የኋላውን ቀያሪ ለወጥኩት። የድሮው ክንዱ አጭር ነው፤ 34 ጥርስ አይችልም። አዲሱ ረጅም ክንድ አለው።

ሰንሰለቱን ግን አልነካሁትም። የሰንሰለት ርዝመት የሚወሰነው በትልቁ የፊትና በትልቁ የኋላ ማርሽ ጥርስ ነው። በፊት 48 እና 28 ነበር፣ ድምሩ 76። አሁን 42 እና 34 ሆነ፣ ድምሩ 76። ከዕቃ ግዢ የቆጠብኩት ይህን ብቻ ነው፤ ደስ አለኝ።

ኅዳር 2

እንጦጦ። ጧት 12 ሰዓት ከሽሮ ሜዳ ተነሳሁ። የእንጦጦ አናት 3,200 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሆኖ ይህን ከፍታ ማግኘት ትልቅ ጸጋ ነው። አትሌቶቻችን የሚሮጡት በከንቱ አይደለም። መስከረም 30 ቀን 2013 የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ውስጥ ደግሞ የብስክሌት መንገድ አለ። እኔ ግን ዛሬ የፈለግሁት ረጅሙን አስፋልት ዳገት ነበር።

አዲሱ ማርሽ ሠርቷል። 22 እና 34 ላይ አድርጌ፣ ተቀምጬ፣ እግሬ እየዞረ ወጣሁ። ለራሴ ያወጣሁት ሕግ አንድ ነው፦ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተኝ ፈጥኛለሁ ማለት ነው። ባልንጀራዬ ከጎኔ ስለሚነዳ ወሬ አላቋረጥንም። ሁለት ጊዜ ወሬው ሲቆራረጥ ቀነስን።

ቁልቁል የሚወርዱ እንጨት የተሸከሙ እናቶችን አገኘን። ጀርባቸው ላይ ያለው የባሕር ዛፍ ሸክም ከራሳቸው ይረዝማል። ወርደን ጥግ ያዝንላቸው። በዚህ ተራራ ላይ ጉልበት ምን እንደሆነ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ኅዳር 11

ዛሬ ፍሬን። ወደ ላይ መውጣቱን ሁሉም ያስባል። ሰው የሚጎዳው ግን ሲወርድ ነው።

ጎባ 2,743 ሜትር ላይ ነች። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ጎባ 1,634 ሜትር ቁልቁለት አለ። እኔና ብስክሌቷ ከነጓዛችን 90 ኪሎ እንሆናለን። ስሌቱን ሠራሁት፦ የዚያ ቁልቁለት ኃይል በሙሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ ከአራት ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከፊሉን ንፋስና ጎማው ይወስዱታል። የቀረው ፍሬን ላይ ነው የሚያርፈው።

የኔ ፍሬን ቸርኬውን በጎማ ቁራጭ የሚይዘው ዓይነት ነው። ዲስክ ለመግጠም አካሏ ላይ ማሰሪያ የለም። እንዲህ ዓይነት ፍሬን ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲያዝ ቸርኬው ይግላል። ቸርኬው ሲግል ውስጥ ያለው ካላማዳሪ ይሞቃል፣ አየሩ ይለጠጣል፣ በማስቲሽ የተለጠፈ ቦታ ካለ ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ በሁለቱም ጎማ ምንም ጥፍ የሌለበት አዲስ ካላማዳሪ አስገባሁ። የተለጠፉት አዲስ አበባ ይቀራሉ።

የፍሬን ጎማዎቹን አራቱንም ቀየርኩ። ቸርኬውን በአልኮል ጠረግሁት። የፍሬኑ ጎማ የፊት ጫፉ ቀድሞ እንዲነካ ከኋላው በኩል የታጠፈ ካርቶን አስገብቼ አጠበቅሁና ካርቶኑን አወጣሁ። እንዲህ ካልተደረገ ይጮኻል። ሽቦዎቹም አዲስ ሆኑ። ፍሬኑን በአንድ ጣት ስይዘው የኋላ ጎማው ቀጥ ይላል። ልቤ አረፈ።

ኅዳር 23

ቱሉ ዲምቱ ላይ መሸከም የለም። ቢሆንም ወደፊት ልወጣው ያሰብኩት «በዋሂት» የሚባል ተራራ አለ። ሰሜን ተራሮች ውስጥ የመኪናው መንገድ በ4,200 ሜትር ገደማ ማለፊያ ላይ ያልፋል፤ ከዚያ እስከ በዋሂት አናት 4,430 ሜትር ድረስ ያለው የእግር መንገድ ነው፤ ድንጋይ ይበዛዋል። ስለዚህ ወጨጫ ተራራ ላይ የመሸከም ልምምድ አደረግን።

የምናደርገው እንዲህ ነው። ብስክሌቷን ከፍ አድርጎ ከአንገት ጀርባ ትከሻ ላይ ማሳረፍ፤ የፊት ጎማው በቀኝ፣ የኋላው በግራ። የላይኛው ብረት ላይ ስፖንጅ መጠቅለል። ፔዳሉ ጀርባ እንዳይወጋ ወደ ፊት ማዞር። የፊት ጎማው እንዳይወዛወዝ በላስቲክ ማሰር። ሁለቱ እጅ ብስክሌቷን ስለሚይዝ ምርኩዝ አይቻልም። ስለዚህ እርምጃ አጭር ነው። ዝናብ የዘነበ ዕለት ድንጋይ ላይ ይህን አይሞክሩት።

ታኅሣሥ 3

ስለ አየር። በ4,377 ሜትር ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ስድሳ በመቶ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሰባ ስድስት በመቶ ያህል አለን። ያ ማለት አንድ ጊዜ ስንተነፍስ ከለመድነው ኦክስጅን አንድ አምስተኛው ይጎድላል። ከባሕር ዳርቻ ከሚመጣ እንግዳ ይልቅ የተሻልን ነን። ግን ከራስ ምታትና ከማቅለሽለሽ ነፃ አይደለንም። ራስ ምታቱ ሲበረታና ማስመለስ ሲመጣ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ መውረድ።

የባሌ ከፍታ ለሰው ልጅ አዲስ አይደለም። ፍንጫ ሃበራ የሚባል የዋሻ ጥላ 3,469 ሜትር ላይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን እዚያ እየተመላለሱ ይኖሩ እንደነበር አሳይቷል። ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር። ያን ሳነብ ተራራው ላይ ያለኝ ፍርሃት ቀነሰ፤ አክብሮቴ ግን ጨመረ።

ስንቅ፦ ጾመ ነቢያት ላይ ነን። በሶ በስኳር፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሙዝ። በሶ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ምግብ ነው። ቀላል ነው፣ ውሃ ብቻ ይፈልጋል፣ እሳት አያሻውም። ከፍታ ላይ ምግብ አይበላም፣ አፍ ይደርቃል። በሶ ግን ይጠጣል።

ታኅሣሥ 12

ዲንሾ ገባን። ብስክሌቶቹን አውቶቡስ ፖርቶመጋላ ላይ ስናስር ጊዜ ወስደን ነው። የኋላ ማርሽ ቀያሪውን ቡሎኑን ፈትቼ ከአካሏ ጋር በጨርቅ ጠቀለልኩት። ካልተደረገ ሌላ ጓዝ ይጫነውና ይጣመማል፤ እሱ ከተጣመመ ጉዞው አለቀ። ፔዳሎቹንም ፈታሁ። የግራው ፔዳል ክር ተቃራኒ መሆኑ አይረሳ፤ ወደ ቀኝ ሲዞር ነው የሚፈታው።

ዲንሾ የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ነው። ከፍታው 3,000 ሜትር አልፏል። የመግቢያ ክፍያውን ጨርሰን ስለ መንገዱ ጠየቅን። እዚህ ያደርነው ሰውነት ከፍታ እንዲለምድ ነው። ነገ ጎባ ወርደን እናድራለን። ከፍ ብሎ ቀን መዋል፣ ዝቅ ብሎ ማደር ጥሩ ልማድ ነው።

ታኅሣሥ 14

ጧት 12 ሰዓት ከጎባ ተነሳን። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። የተስማማንበት ሕግ ግልጽ ነው፦ 8 ሰዓት ሲሆን የትም እንሁን የት ወደ ኋላ እንመለሳለን።

የመጀመሪያው ክፍል ጫካ ነው። ጽድ፣ ኮሶ፣ ከፍ ሲል አሜጃ። ከዚያ አስታው ይመጣል፤ መጀመሪያ ዛፍ ሆኖ፣ ቀጥሎ ቁጥቋጦ ሆኖ። ተክሉ እያጠረ ሲሄድ ከፍታው ያለ መለኪያ ይታወቃል። 22 እና 34 ላይ ነበርኩ፣ አልቀየርኩትም። ጠጠሩ ልቅ በሆነበት ቦታ ወደ ፊት ጎንበስ ብል የኋላ ጎማው ይንሸራተታል፣ ቀና ብል የፊቱ ይነሳል። መፍትሔው መቀመጫው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ክርንን ዝቅ ማድረግ ነው። መስመር መምረጥም አለ፤ የመኪና ጎማ የረገጠው ጠበቅ ይላል።

ጋቢ የለበሱ አንድ አባት ፈረሳቸውን እየነዱ ደረሱብን። ፍጥነታችን እኩል ሆነና ጎን ለጎን ሄድን። በሰባራ ኦሮምኛችን ሰላምታ ሰጠን፤ በአማርኛ መለሱልን። «ልጆቼ፣ ከቀትር በፊት ጨርሱ። ከሰዓት ንፋሱ ይበረታል» አሉን። ወደ ጎን ተገንጥለው ሲሄዱ መርቀውን ነው።

ሳኔቲ ላይ ስንወጣ ዳገቱ ድንገት አበቃ። ሜዳ ነው፤ 4,000 ሜትር ላይ የተነጠፈ ሜዳ። ጅብራው እዚህም እዚያም ቆሟል። ኩሬዎቹ ዳር የሌሊቱ በረዶ ገና አልቀለጠም። እዚህ ላይ ትንፋሽ ይሸውዳል። መንገዱ ለጥ ስላለ እግር መፍጠን ይፈልጋል፣ ልብ ግን አይከተለውም። ውሃ ለመጠጣት ትንፋሽ መያዝ እንኳ ያታክታል። አንድ ጉንጭ ጠጥቶ አሥር ጊዜ መተንፈስ ነው።

ከመንገዱ በግራ በኩል ቀይ ቀበሮ አየን። ጆሮዋን አቁማ የፍልፈል ጉድጓድ ትጠብቃለች። ቆምን፣ ከብስክሌት ሳንወርድ፣ ድምፅ ሳናሰማ። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያንሳሉ፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ውስጥ ነው። ከቤት ውሻ የሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ደጋግሞ ጨርሷቸዋል። ብስክሌት የሚነዳ ሰው ሁሉ ይህን እንዲያስብ እለምናለሁ፦ ከመንገዱ አትውጡ። ሣሩ ላይ አንድ የጎማ ፈለግ ከታየ ሌላው ይከተለዋል፤ ከሥሩ ደግሞ የፍልፈሉ ቤት ነው። ምግብም አትጣሉ።

የቱሉ ዲምቱ መገንጠያ ላይ ደርሰን በሶ ጠጣን። ከዚህ በኋላ ያለው አጭር ነው፤ ግን የቀኑ ሁሉ ክብደት እዚያ ነው። ቀይ ጠጠር፣ ጥምዝ መንገድ፣ ፊት ለፊት ንፋስ። ባልንጀራዬ ራሱን ትንሽ እንደሚያመው ነገረኝ። ቆመን አረፍን። «ስምህን ንገረኝ፣ ቀጥ ብለህም ተራመድ» አልኩት። ሁለቱንም አደረገ፣ ማቅለሽለሽም የለውም። ቀስ ብለን ቀጠልን። ሃያ ዙር እነዳለሁ፣ ትንፋሼን እሰበስባለሁ፣ ሃያ እደግማለሁ። ንግግር የለም። ማማው ቅርብ ይመስላል፣ አይደርስም፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ከጎን ቆመ።

ደረስን። እስከ ማማው አጥር ድረስ ነዳሁ። ጮኽኩ። ተቃቀፍን። ወደ ደቡብ የሐረና ጫካ ላይ ደመና ተኝቷል።

አንድ ነገር ማጣራት ፈልጌ ነበርና የጎማውን ግፊት ለካሁ። ጎባ ላይ 32 ፒኤስአይ ነበር። ከፍታ ሲጨምር የውጪው አየር ስለሚሳሳ ልኬቱ ከፍ ማለት አለበት፤ ብርዱ ደግሞ መልሶ ያወርደዋል። ያገኘሁት ያንኑ ያህል ነው። ሁለቱ ተጣፍተዋል። ስለዚህ ለከፍታ ብሎ አየር መቀነስ አያስፈልግም።

ታኅሣሥ 14፣ ማታ፣ ጎባ

ለመውረድ ካፖርትና ጓንት ለበስን። ላብ ላይ ንፋስ ሲያርፍ ጣት ይደነዝዛል፣ የደነዘዘ ጣት ፍሬን አይዝም።

አያያዙ እንዲህ ነው። ፍሬኑን ለረጅም ጊዜ ሳብ አድርጎ መጎተት ቸርኬውን ያግላል። ይልቅ ጠንከር አድርጎ ይዞ ፍጥነት መቀነስ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ፣ ንፋስ እንዲያበርደው። ፊትና ኋላን ማፈራረቅ። ጥምዝ ውስጥ ሳይሆን ከጥምዙ በፊት መያዝ። ጫካው ጋ ስንደርስ ቆመን ቸርኬው ላይ ውሃ ጠብ አደረግሁ። ተነነ እንጂ አልተንጫጫም። አሥር ደቂቃ አቆምናቸው። ባልንጀራዬም ከ3,500 በታች ስንወርድ ራስ ምታቱ ለቀቀው።

ታኅሣሥ 21

ብስክሌቷን ፈትቼ አየኋት። የኋላው ፍሬን ጎማ ግማሹ አልቋል፤ የፊቱ ከዚያም በላይ። አዲስ ነበሩ። ለአንድ ተራራ አንድ ሙሉ ስብስብ ፍሬን መያዝ አለበት ማለት ነው። ሁለት ራጂ ላልቷል፣ አጠበቅኳቸው። ኩሺኔታው ውስጥ የሳኔቲ አቧራ ገብቷል፤ በቤንዚን አጥቤ በአዲስ ግራሶ ሞላሁት። 34ቱ ጥርስ ያብለጨልጫል፣ 14 እና 16 እንደ አዲስ ናቸው።

በዋሂት ለየካቲት ታስቧል። ለዚያ የሚቀረኝ ሥራ የፍሬን ጎማ መግዛት፣ ትከሻ ላይ የሚያርፈውን ስፖንጅ ማወፈርና ከደባርቅ አብሮን ለሚሄደው የፓርክ ስካውት (ጠባቂ) በቅሎ ማዘጋጀት ነው።